«ሆቴል ደስክ፦ ክፍል 215» በእርግጥ የምርመራ ጨዋታ ነው ወይስ የሚነበብ ታሪክ?

የማታ አንባቢ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ተማሪ ሳለ ይጫወትበት የነበረውን ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይት (ሁለት ስክሪን ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ የእጅ ጨዋታ ማጫወቻ) ከጥቂት ካርትሪጆች፣ ማለትም ጨዋታ ከተጫነባቸው ትናንሽ ካርዶች፣ ጋር ልኮልኛል፤ ከእነርሱ መካከል ቀልቤን የሳበው «ሆቴል ደስክ፦ ክፍል 215» የተሰኘው የመርማሪ ጨዋታ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጨዋታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት በሚገኝ አንድ ያረጀ ሆቴል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1979 ከአመሻሽ እስከ ንጋት ባለው አንድ ሌሊት ነው። የምንመራው ባለታሪክ ካይል ሃይድ ይባላል። ቀድሞ የኒው ዮርክ ፖሊስ መርማሪ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት የሥራ ባልደረባውን ብራያን ብራድሊን በጥይት መትቶ ከፖሊስነት ከወጣ በኋላ ሬድ ክራውን ለሚባል የሎስ አንጀለስ ድርጅት ከከተማ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ሠራተኛ ሆኗል። የብራድሊ አስከሬን ስላልተገኘ ባልደረባው በሕይወት አለ ብሎ ያምናል፤ ፍለጋውንም አላቋረጠም። ይህ ሁሉ ገና በመግቢያው የሚነገር ስለሆነ ወደፊት ለሚጫወት ሰው ምሥጢር አላወጣሁም።

ከዚህ በፊት የመርማሪ ልቦለዶችን በብዛት አንብቤያለሁ፤ ስለዚህ ጨዋታውን ስጀምር አሻራ የማነሣ፣ ማስረጃ የማሰባስብ፣ በመጨረሻም ወንጀለኛውን በማስረጃ የማፋጥጥ መስሎኝ ነበር። እስካሁን ያገኘሁት ግን ከዚህ በጣም የተለየ ነው። ሻንጣዬን የምከፍትበት መላ እፈልጋለሁ፣ በኮሪደሩ እመላለሳለሁ፣ ከሆቴሉ ባለቤት ከደኒንግ ስሚዝ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ከሮዛ፣ ከሻንጣ ተሸካሚው ከሉዊ እና ከእንግዶቹ ጋር ረጅም ረጅም ወሬ አወራለሁ። ሥዕሎቹ እጅግ ውብ ናቸው፤ ሰዎቹም ሕይወት አላቸው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እንዲመጣ ስክሪኑን መንካት ብቻ ሆኖ ይሰማኛል።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች በሦስት ነገሮች ብትረዱኝ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ይህ ጨዋታ እውነት ተጫዋቹን መርማሪ ያደርገዋል ወይስ የሌላ ሰው ምርመራ እንዲያነብ ነው የሚያደርገው? ሁለተኛ፣ በውይይት መካከል ምክንያታዊ የመሰለኝን ጥያቄ መርጬ ሳለ በድንገት ከሆቴሉ እባረርና ጨዋታው ያበቃል፤ ትክክለኛውን ምርጫ የምለይበት መመዘኛ ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ሜሊሳ የተባለችው ትንሽ ልጅ የምትገጣጥመውን ሥዕል ጨርሼዋለሁ፤ ከጀርባው ጽሑፍ እንዳለ ብገነዘብም ሥዕሉን መገልበጥ አልቻልኩም፤ ስክሪኑን በምንነካበት ብዕር ያልነካሁት ጥግ የለም። የታሪኩን ፍጻሜ ግን እባካችሁ አትንገሩኝ።

ሰማያዊ ብዕር (መልስ)

እንኳን ደህና መጡ። ይህ ጨዋታ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎ። ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብጀምር ይሻላል፤ የመጀመሪያውም መልስ ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና።

ካይል ሃይድ ፖሊስ አይደለም። የፖሊስ መታወቂያ የለውም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለውም፣ ማንንም ይዞ የማቆየት ሥልጣን የለውም። በሆቴሉ መዝገብ ላይ ስሙን የጻፈ፣ ለአንድ ሌሊት ክፍል የተከራየ የሽያጭ ሠራተኛ ነው። የጨዋታው ሕግ በሙሉ የተሠራው በዚህ እውነት ላይ ነው። ደኒንግ ስሚዝን እንደ ተጠርጣሪ ካፋጠጡት የገዛ ሆቴሉ ነውና ያባርርዎታል፤ ሕፃን ልጅ አስጨንቀው ካስለቀሱ በማንኛውም ሆቴል እንደሚሆነው ሁሉ ይባረራሉ። ስለዚህ አንድን ጥያቄ ከመምረጥዎ በፊት «ይህ ጥያቄ ትክክለኛ መረጃ ያመጣል ወይ?» ብለው ብቻ አይመዝኑት፤ «ይህ ሰው ለእኔ ይህን የሚመልስበት ምን ምክንያት አለው?» ብለውም ይጠይቁ። ከሉዊ ጋር የሚያገናኝዎት የኒው ዮርክ ዘመን ትዝታ አለ፤ ሉዊ ያኔ ኪስ አውላቂ ነበር፣ ካይልም ከፖሊስነቱ ዘመን ያውቀዋል። ስለሆነም ከእርሱ ጋር ቆፍጠን ብሎ መነጋገር ይቻላል፣ እንዲያውም እርሱ ራሱ የሚጠብቀው ያንን ነው። አንድ ዓይናቸውን የሸፈኑት አረጋዊት ሄለን ፓርከር ግን በትሕትና የሚያናግራቸውን ሰው ነው የሚያጫውቱት። ደራሲው ማርቲን ሰመር ደግሞ ስለ ራሱ መናገር የሚወድ ሰው በመሆኑ እርሱን ማዳመጥ ብቻውን ብዙ በር ይከፍታል።

ሌላው ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር የጥያቄዎቹ አቀማመጥ ነው። በውይይት መካከል ካይልን አንድ ነገር ሲከነክነው ጥያቄው ይመዘገባል፤ ሁሉንም እዚያው የመጠየቅ ግዴታ የለብዎትም፣ አንዳንዱም ለሌላ ጊዜ የሚቆይ ነው። ከቦርሳዎ ዕቃ አውጥተው ለሰዎች ማሳየትም ይችላሉ፤ በቃል የካደ ሰው ዕቃው ፊቱ ሲቀመጥ የሚያሳየው ገጽታ ራሱ መልስ ነው። እዚህ ላይ የሥዕሎቹን ጥቅም ልብ ይበሉ። ገጸ ባሕርያቱ በእርሳስ የተነደፉ የሚመስሉት ለውበት ያህል ብቻ አይደለም። የሰውን እውነተኛ እንቅስቃሴ እየተከተሉ ቅጽበት በቅጽበት የመሣል ዘዴ ስለተጠቀሙ፣ ዓይን ሲሸሽ፣ ትከሻ ሲወድቅ፣ እጅ ወደ ፀጉር ሲሄድ በግልጽ ይታያል። እኔ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲዋሽ ብዙ ጊዜ ያወቅኩት ከጽሑፉ ቀድሞ ከፊቱ ነው። ማጫወቻው እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን ተይዞ ሁለቱ ተነጋጋሪዎች በሁለቱ ስክሪኖች ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጡትም ለዚሁ ነው፤ ካይል የተናገረው ቃል በሌላው ፊት ላይ ምን እንዳደረገ እኩል ያያሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ምርመራ ሲባል ከማስረጃ ወደ መደምደሚያ መሄድ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ጨዋታ ጥቂት ምርመራ ብቻ ነው ያለው። ለዚያ ዓይነቱ ሥራ የካፕኮም ኩባንያ «ፊኒክስ ራይት፦ ኤስ አተርኒ» ይበልጣል። ያ ጨዋታ በሹ ታኩሚ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ውስጥ ከዲኤስ በፊት ለነበረው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣ፣ በ2005 ደግሞ አምስተኛ ክስ ተጨምሮበት ለዲኤስ የቀረበ ነው፤ ተጫዋቹ ጠበቃ ሆኖ የምስክሩን ቃል ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይመረምራል፣ ከቃሉ ጋር የሚጋጨውንም ማስረጃ አንሥቶ ያቀርባል። እዚያ ውሸት የሚሸነፈው በማስረጃ ነው። በሆቴል ደስክ ግን ብዙው ነገር የሚገለጠው ሰው አምኖዎት ሲናገር ነው። በእውነተኛው ዓለምም ቢሆን የመርማሪ ትልቁ ሥራ ሰውን ማናገር ነው ብዬ ስለማምን፣ ይህን ከምርመራ ውጭ አላደርገውም። ማንን መጫን፣ ማንን መተው፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ መወሰን የርስዎ ነው፤ ውሳኔው ሲሳሳትም ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ስለሆነ ፍጻሜውን አይነካም። ካይል ሲመዘገብ፣ ከእርሱ ቀደም ብሎ በዚያው ሆቴል ካይል ሃይድ በሚል ስም ያረፈ ሌላ ሰው እንደነበረ ይሰማል። መዝገቡ ስሙን ብቻ ነው የሚነግርዎት። ያ ሰው ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረ፣ ምን እንደተወ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው የሚደብቁት ነገር ስላላቸው ስለ እርሱ ለመናገር በመጀመሪያ ስለ ራሳቸው መናገር አለባቸው። ጨዋታው ከዚህ በኋላ የሚሄደው በሙሉ በዚህ መንገድ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ካይል ያወቀውን እየከለሰ ለራሱ ጥያቄ ሲያቀርብ፣ እባክዎ ዝም ብለው ነክተው አይለፉት፤ መልሱን በአእምሮዎ ካዘጋጁ በኋላ ምርጫዎቹን ይዩ። ማንበብ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ይገነዘባሉ።

የሥዕሉን ነገር በተመለከተ ለመሣሪያው ቅርብ የሆነ ሰው በተሻለ ያስረዳል ብዬ ትቼዋለሁ።

ጠጋኝ (መልስ)

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ሥዕሉ የሚገለበጠው በብዕር ሳይሆን በማጫወቻው በራሱ ነው። የተገጣጠመው ሥዕል በስክሪኑ ላይ እንዳለ የዲኤሱን ክዳን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት፣ ከዚያ መልሰው ይክፈቱት። አንድን የተገጣጠመ ሥዕል ሳይበተን ለመገልበጥ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ይዘው እንደሚያዞሩት ማለት ነው፤ ሁለቱ ስክሪኖች ሁለቱ ሰሌዳዎች ሆነው ያገለግላሉ። የጨዋታው ሠሪ የፉኩኦካው ሲንግ ኩባንያ በዚህ ዓይነት ሐሳብ የታወቀ ነበር። ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዲኤስ ባወጣው «አናዘር ኮድ» በተባለው ጨዋታም ክዳኑን ዘግቶ ማኅተም ማሳረፍን፣ ክዳኑን በከፊል አጥፎ የአንዱን ስክሪን ምስል በሌላው ላይ በነጸብራቅ ማየትን የሚጠይቁ እንቆቅልሾች ነበሩት።

ስለዚህ ይህን ጨዋታ በኮምፒዩተር ላይ በኢሙሌተር (የማጫወቻውን አሠራር በሚያስመስል ፕሮግራም) ለመጫወት የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ኢሙሌተሮቹ ክዳን የመዝጋትን ተግባር የሚተካ ትእዛዝ እንዳላቸው ይወቅ፤ ይህን የማያውቅ ተጫዋች እዚያው ሊቀር ይችላል። ማጠፊያ በሌለው ኒንቴንዶ ቱዲኤስ ላይ የሚጫወት ደግሞ ከታች በኩል ያለውን የእንቅልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ማንሸራተት ይበቃዋል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ይሁን እንጂ እጅ ላይ ያለ ነገርን ዘግቶ በመክፈት የሚገኘውን ስሜት አይሰጡም፣ እንደ መጽሐፍ መያዙም ይቀራል። ማጫወቻው እያለዎት በማጫወቻው ይጫወቱ።

መሣሪያው ከአሜሪካ የመጣ መሆኑን ስለጠቀሱ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የአሜሪካው የዲኤስ ላይት ቻርጀር የተሠራው ለ120 ቮልት ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ባለው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ማጫወቻውንም ሊጎዳ ይችላል። እስካሁን በቮልት ቀናሽ ሲጠቀሙ ከነበረ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን በአንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላው በኩል የዲኤስ ላይት ሶኬት ያለውን ገመድ ፈልገው በማንኛውም ደህና የስልክ ቻርጀር ላይ ይሰኩት። ገመዱ ርካሽ ነው፣ ቮልቱም አያሳስብም። የመሣሪያው ባትሪ ካረጀ ደግሞ ከጀርባ አንድ ትንሽ ክዳን በብሎን ተፈትቶ በቀላሉ ይለወጣል።

በተጨማሪ ማጠፊያውን በጥንቃቄ ይመልከቱት። የዲኤስ ላይት ማጠፊያ ከዕድሜ ብዛት በተለይ በቀኝ በኩል ይሰነጠቃል፤ ይህ ጨዋታ ደግሞ መሣሪያውን ወደ ጎን አዙሮ ለረጅም ሰዓት መያዝን ስለሚጠይቅ የላይኛውን ግማሽ ብቻ አንጠልጥሎ መያዝ ተገቢ አይደለም። ከሥር በመዳፍ ይደግፉት። ግራኝ ከሆኑ አያያዙን የሚገለብጥ ምርጫ አለው። ብዕሩ ከሚነኩት ቦታ ራቅ ብሎ የሚመዘገብ ከሆነ በማጫወቻው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ የንክኪ ስክሪኑን እንደገና ማስተካከል ይቻላል። የተቀመጠ ጨዋታዎ ይጠፋል ብለውም አይሥጉ፤ እንደ ድሮዎቹ የጌም ቦይ ካርትሪጆች በትንሽ ባትሪ ላይ የሚመካ ሳይሆን ኃይል ሳያስፈልገው በሚቆይ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከከባድ ውይይት በፊት ሁልጊዜ ያስቀምጡ።

ኮረብታ ማዶ (መልስ)

የሰማያዊ ብዕርን አስተያየት በአክብሮት አነበብኩት፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ የተናገሩትንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ጠያቂው የተሰማቸው ቅሬታ እውነተኛ ምክንያት ስላለው እንዲሁ ማለፍ የለብንም።

የሆቴል ደስክ ትልቁ ችግር ተጫዋቹ ከካይል ቀድሞ እንዲያስብ አለመፍቀዱ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ለሥራ የሚጠቅም ዕቃ አይተው፣ ምን እንደሚደረግበትም ተረድተው ሳለ፣ ካይል በታሪኩ ውስጥ ያ ዕቃ እንደሚያስፈልገው እስኪገነዘብ ድረስ ሊያነሡት አይችሉም። በሩም እንዲሁ ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ አይከፈትም። ከዚህ የተነሣ በአንዳንድ ምዕራፎች ላይ የሚቀጥለው ነገር የት እንደሚጀምር ለማወቅ የሆቴሉን ፎቆች ከላይ እስከ ታች እየዞሩ እያንዳንዱን በር ማንኳኳት ግድ ይሆናል። ይህ የምርመራ ትዕግሥት አይደለም፤ ደራሲው ያዘጋጀውን ቀጣይ ትዕይንት መጠበቅ ነው። በመልካም የምርመራ ጨዋታ ተጫዋቹ ነገሩን ቀድሞ ከደረሰበት የደረሰበትን ማሳየት መቻል አለበት፤ እዚህ ግን ብልህ ተጫዋች ከዘገምተኛው የሚለይበት ዕድል ጠባብ ነው።

የጽሑፉ አዘጋገብም ይከብዳል። ካይል ከአንድ ሰው የሰማውን ለራሱ ይደግመዋል፣ ለሌላ ሰው ይተርከዋል፣ በምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ እንደገና ይከልሰዋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ መደጋገሙ ያመለጠውን እንዲይዝ ይረዳው ይሆናል፤ ይህን በጎ ጎኑን አልክድም። ታሪኩን በቶሎ ለሚከተል ሰው ግን ሌሊቱ ይረዝማል።

ሰማያዊ ብዕር ስለ መባረር ባሉት ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ምርጫዎቹ ብዙ ጊዜ በአጭሩ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ለዘብ ያለ መስሎን የመረጥነው ቃል በካይል አፍ ሲነገር ስድብ ሆኖ ይወጣል። ካይል በባሕርዩ ቁጡና ደረቅ ሰው ነው። ተጫዋቹ የሚቀጣው በራሱ ፍርድ ስሕተት ሳይሆን ቃሉ እንዴት እንደሚነገር አስቀድሞ ማወቅ ባለመቻሉ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የማታ አንባቢ በማስረጃ መከራከርን የሚወዱ ከሆነ፣ ይህን ትተው ሳይሆን ከዚህ ጎን ለጎን ፊኒክስ ራይትን እንዲሞክሩ እመክራለሁ። ሦስቱ የመጀመሪያ ክፍሎች በአንድ ላይ ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2019 ለኮምፒዩተርና ለአዳዲስ ማጫወቻዎች ስለቀረቡ የቆየ ካርትሪጅ ፍለጋ መድከም የለም። በተለይ ለዲኤስ የተጨመረው አምስተኛው ክስ በንክኪ ስክሪኑ የአሻራ ዱቄት ነስንሶ በማይክሮፎኑ እፍ በማለት አሻራን የማውጣት ሥራ አለው፤ ጠያቂው ከጨዋታ የጠበቁት ይኸው ነበር። የዚያው ሰው የሹ ታኩሚ ሥራ የሆነው «ጎስት ትሪክ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዲኤስ ወጥቶ በ2023 እንደገና ታትሟል። እዚያ ባለታሪኩ ገና ከመጀመሪያው ሞቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ማን እንደገደለውና ራሱ ማን እንደነበረ የሚያጣራው በአካባቢው ባሉ ዕቃዎች ውስጥ እየገባ፣ ሌሎች ሰዎችንም ከመሞታቸው አራት ደቂቃ በፊት ወዳለው ጊዜ ተመልሶ በማዳን ነው። ካየኋቸው የዲኤስ ጨዋታዎች ሁሉ እንቆቅልሽና ታሪክ ይህን ያህል የተዋሐዱበት የለም።

የማታ አንባቢ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ሥዕሉ ተገልብጦ ጽሑፉ ታየ፤ የጨዋታው ሠሪዎች መሣሪያውን በዚህ መጠን የታሪኩ አካል አድርገው ማሰባቸው በጣም ነው ያስደነቀኝ። የኮረብታ ማዶ አስተያየት የተሰማኝን በትክክል የገለጸ ሲሆን፣ የሰማያዊ ብዕር ማብራሪያ ደግሞ ደኒንግን እንዴት ማናገር እንዳለብኝ አስተምሮኛል። እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ እንግዳ ሆኜ ሳናግረው ነገሩ ሁሉ መልክ ይዟል። የቻርጀሩን ነገር ለጠጋኝ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ፤ ወንድሜ ቮልት ቀናሽ አብሮ ልኮልኝ ነበር፤ ቢሆንም ገመዱን አፈላልጋለሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የካይልን የማስታወሻ ደብተር ባለሙያዎቹ እንዴት ነው የምትጠቀሙበት? ደግሞስ ይህ ታሪክ ቀጣይ ክፍል አለው? ካለውስ በእኔ ማጫወቻ ላይ ይሠራል?

ሰማያዊ ብዕር (መልስ)

ማስታወሻ ደብተሩ በብዕሩ በእጅ የሚጻፍበት ባዶ ገጽ ነው፤ ጨዋታው የጻፉትን አያነበውም፣ አያርመውምም። ለዚህም ነው በፈለጉት ቋንቋ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ሊጽፉበት የሚችሉት። ገጾቹ ጥቂት ስለሆኑ ሁሉንም ነገር አይመዝግቡ። እኔ የምጽፈው ሁለት ዓይነት ነገር ብቻ ነው፦ በግድግዳ ወይም በወረቀት ላይ ያየሁትን ቁጥርና ቃል፣ እንዲሁም አንድ ሰው የተናገረውን ከሌላው ቃል ጋር የማይገጥም ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ለእንቆቅልሾቹ ይረዳል። ሁለተኛው ኮረብታ ማዶ ጎደለ ላሉት ነገር የተወሰነ ካሣ ይሆናል፤ ጨዋታው ቀድመው የደረሱበትን እንዲያሳዩ ባይፈቅድልዎትም፣ በራስዎ እጅ የጻፉት ማስታወሻ ከካይል ቀድመው እንደደረሱ ይመሰክርልዎታል። በዚህ አጋጣሚ ኮረብታ ማዶ ስለ ዕቃዎቹ ያነሱት ትችት ትክክል መሆኑን እመሰክራለሁ፤ ለእኔ ሚዛኑን የደፉት ሰዎቹ ናቸው እንጂ የሆቴሉ መሳቢያዎች አይደሉም።

ቀጣይ ክፍል አለው። «ላስት ዊንዶው» ይባላል፤ ታሪኩ ከሆቴል ደስክ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሎስ አንጀለስ ይካሄዳል። ካይል የሚኖርበት፣ ቀድሞ ሆቴል የነበረ የኪራይ አፓርትማ ሊፈርስ ስለሆነ ነዋሪዎቹ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል፤ ካይልም በቀረው ጊዜ የሕንፃውን የቆየ ምሥጢር ይከታተላል። በዚህኛው ጨዋታ የጨረሱት ምዕራፍ ሁሉ በልቦለድ መልክ ተጽፎ በጨዋታው ውስጥ ለንባብ ይቀርብልዎታል፤ ንባብ ለሚወድ ሰው ጥሩ ስጦታ ነው።

አሳዛኙ ነገር የአወጣጡ ሁኔታ ነው። ጨዋታው በጃንዋሪ 2010 በጃፓን ወጣ፤ ሲንግ ኩባንያ በማርች 2010 የኪሣራ አቤቱታ አቀረበ፤ የአውሮፓው እትም የወጣው ከዚያ በኋላ በሴፕቴምበር ነው። በሰሜን አሜሪካ ጭራሽ አልወጣም። ስለዚህ ወንድምዎ አሜሪካ ባሉ መደብሮች የአገር ውስጥ እትም ቢፈልጉ አያገኙም፤ መግዛት ያለባቸው የአውሮፓውን እትም ነው። ዋጋው ከሆቴል ደስክ እጅግ ከፍ ይላል። የዲኤስ ጨዋታዎች በአገር የተቆለፉ ስላልሆኑ የአውሮፓው ካርትሪጅ በእርስዎ ማጫወቻ ላይ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ውድ ለሆኑ የዲኤስ ጨዋታዎች ተመሳስለው የተሠሩ ካርትሪጆች በብዛት ስለሚሸጡ፣ የካርትሪጁን የፊትና የጀርባ ፎቶግራፍ ሳያዩ ገንዘብ እንዳይልኩ ይንገሯቸው።

ሆቴል ደስክም ሆነ ላስት ዊንዶው ለአዳዲስ ማጫወቻዎች ተዘጋጅተው እንደገና አልወጡም። ጠጋኝ የጠቀሱት አናዘር ኮድ ግን ከቀጣይ ክፍሉ ጋር እንደ አዲስ ተሠርቶ በጃንዋሪ 2024 ለኒንቴንዶ ስዊች ወጥቷል፤ የሆቴል ደስክን የእርሳስ ሥዕሎች የመሩት ታይሱኬ ካናሳኪም በዚያ ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። ይህ ለካይል ሃይድ ታሪኮችም በር ይከፍታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያው ግን ሁለቱን ጨዋታዎች በአግባቡ ማግኘት የሚቻለው እርስዎ በያዙት ዓይነት ካርትሪጅ ብቻ ስለሆነ በደንብ ያስቀምጡት። አሁን ወዳሉበት ምዕራፍ ሲመለሱ፣ ሚላ የምትባለው ወጣት ሴት ባለችበት ሁሉ በእጇ ላይ ያለውን አምባር ልብ ብለው ይመልከቱ። ሌላውን እርስዎ ይድረሱበት።